ቅቤና በርበሬ፦ ተኩሱ እያለፈ መሳሳሙ ለምን ይቆረጣል?

ልጆች ሳለን የበዓል ቀን ከምሳ በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ይሰበሰብ ነበር። የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ የአሜሪካ ፊልም ነው። ዋናው ተዋናይ አንድ ሕንፃ ውስጥ ይገባና ሃያ ሰው ይገድላል፤ አባቴ ቡናውን ይጠጣል፣ አክስቴ ፈንዲሻ ትዘግናለች፣ ማንም ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ያው ሰው ከሞት ያተረፋትን ሴት አቅፎ ፊቱን ወደ ፊቷ ሲያስጠጋ የቤቱ አየር ይለወጣል። አባቴ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ታላቅ እህቴ «ጀበናውን ልየው» ብላ ትነሣለች፤ ሪሞቱ ከየት መጣ ሳይባል ጣቢያው ዜና ላይ ይሆናል።

ይህ የኛ ቤት ጠባይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ፊልሙ የተሠራበት አገርም ያንኑ እንደሚያደርግ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። እዚያ ሪሞቱን የያዙት የገምጋሚዎች ቦርድ፣ የመንግሥት ኮሚሽንና ፍርድ ቤት ናቸው። በዚህ ጽሑፍ «ጥቃት» ስል ድብደባን፣ ተኩስንና ግድያን ማለቴ ነው። «ወሲብ» ስል ደግሞ ከእርቃን ገላ ጀምሮ እስከ አልጋ ያለውን ትዕይንት፣ ስለዚያ የሚነገረውን ቃል ጭምር። ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ለፊልም የዕድሜ ደረጃ የሚሰጠው ማን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው መንግሥት አይደለም። ታላላቆቹ የፊልም ኩባንያዎች ያቋቋሙት ማኅበር በ1968 የጀመረው አሠራር ነው። ፊልሙን አይተው ደረጃ የሚሰጡት ወላጆች ናቸው እንጂ የሥነ ልቦና ሊቃውንት አይደሉም። ሲቀጠሩ ከ5 እስከ 15 ዓመት የሆነ ልጅ ሊኖራቸው ይገባል፤ የአብዛኞቹም ስም ለሕዝብ አይገለጽም። የሚመልሱት ጥያቄ አንድ ነው፦ አብዛኛው አሜሪካዊ ወላጅ ይህ ፊልም ለየትኛው ዕድሜ ይመጥናል ይላል?

ጥያቄውን ልብ ብላችሁ እዩት። ልጅን የሚጎዳው የቱ እንደሆነ አይጠይቅም። ወላጅን የሚያሳስበው፣ የሚያሳፍረውና የሚያስቆጣው የቱ እንደሆነ ነው የሚጠይቀው። ብዙ ሰው የፊልሙን ደረጃ እንደ መድኃኒት ማስጠንቀቂያ ያነብበዋል፤ ለእኔ ግን ከሕዝብ አስተያየት መጠይቅ ጋር ይቀራረባል።

ከደረጃዎቹ ሦስቱን ማወቅ ይበቃናል። «ፒጂ-13» ማለት ወላጅ ይጠንቀቅ፣ አንዳንዱ ነገር ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ላይሆን ይችላል ማለት ነው፤ ልጁን በር ላይ የሚመልሰው ግን የለም። «አር» ሲሆን ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ጋር ካልሆነ አይገባም። «ኤንሲ-17» ሲሆን 17 ዓመት የሆነውና ከዚያ በታች ያለው ጨርሶ አይገባም።

የመጨረሻው ደረጃ በገበያ ዓይን ሞት ነው ማለት ይቻላል። በ1990 ከመጣ ጀምሮ ብዙ ሲኒማ ቤቶች አናሳይም አሉ፣ ጋዜጦች ማስታወቂያውን አንቀበልም አሉ፣ በዘመኑ ትልቁ የቪዲዮ አከራይ ብሎክበስተርም መደርደሪያው ላይ አላኖረውም። ስለዚህ «ኤንሲ-17» የተሰጠው ዳይሬክተር ወደ መቁረጫ ክፍል ተመልሶ ከፊልሙ ላይ ይቀንሳል።

ሁለቱን የሚለኩት እንዴት ነው?

በጾም ወቅት ድስቱ ውስጥ አንድ ማንኪያ ቅቤ ከገባ ወጡ ፍስክ ነው። «ትንሽ እኮ ናት» ማለት አያድንም። በርበሬ ግን እንዲህ አይደለም፤ ቢጨመር ቢጨመር ያቃጥላል እንጂ ጾም አያስገድፍም። ቅቤን የምንጠይቀው «አለ ወይስ የለም?» ብለን ነው፤ በርበሬን «ምን ያህል?» ብለን። የአሜሪካ ደረጃ ሰጪዎች ወሲብን እንደ ቅቤ፣ ጥቃትን እንደ በርበሬ ይይዙታል።

ይህን ከራሳቸው ደንብ ማየት ይቻላል። እንግሊዝኛ ውስጥ ከወሲብ የተወለደ አንድ ብርቱ የስድብ ቃል አለ። ደንቡ እንደሚለው ቃሉ በንዴት እንደ ስድብ አንድ ጊዜ ከተነገረ ፊልሙ «ፒጂ-13» ሊሆን ይችላል። ከአንድ በላይ ከሆነ «አር» ነው። ቃሉ በዋናው ትርጉሙ፣ ማለትም ወሲብን ለማለት ከተነገረ ግን አንድ ጊዜም ቢሆን «አር» ያሰጣል፤ ገምጋሚዎቹ በልዩ ድምፅ ካልተዉት በቀር። ሰውን ለማዋረድ ሲውል የሚታለፈው ቃል ፍቅርን ለማለት ሲውል አይታለፍም።

ስለ ጥቃት የተጻፈው ደንብ አነጋገሩ ሌላ ነው። «ፒጂ-13» ውስጥ ጥቃት ሊኖር ይችላል፤ በጥቅሉ ግን እውነተኛ መሳይነትና ብርታት ወይም አለማቋረጥ ተደርበው መምጣት የለባቸውም ይላል። እዚህ ቁጥር የለም። «ብርቱ» የሚባለው የቱ ነው? እውነተኛ የሚመስለውስ? ሁሉም ለገምጋሚው ስሜት የተተወ ነው።

በተግባር መለያው አብዛኛውን ጊዜ ደም ነው። መቶ ሰው በጥይት ወድቆ ደም ካልታየ፣ ካሜራውም ቁስሉ ላይ ካልቆየ ፊልሙ ለ13 ዓመት ልጅ ያልፋል። አልጫ መስሎ የሚያቃጥል ወጥ ማለት ይህ ነው፤ በርበሬው ሳይቀነስ ቀለሙ ብቻ ጠፍቷል። በ2013 «ፔዲያትሪክስ» በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ብዙ ገቢ ካስገኙ ፊልሞች 945ቱን መርምሮ ነበር። በ«ፒጂ-13» ፊልሞች ውስጥ የሚታየው የጦር መሣሪያ ጥቃት ከ1985 ወዲህ ሦስት እጥፍ ሆኗል። በ2012 ደግሞ ከ«አር» ፊልሞች እንኳ በልጦ ተገኝቷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ደም የሌለው ግድያ ነው። አሜሪካ የምትኖረው የዚያችው ታላቅ እህቴ ልጅ ሰባት ዓመቱ ሳለ እንዲህ ያለ ፊልም አብረን አየን። ጀግናው ሲሮጥ በመንገዱ የቆመውን ጠባቂ መትቶ ጣለው፤ ካሜራው ከጀግናው ጋር አለፈ። ልጁ ግን አላለፈም። «ያ የወደቀው ሰውዬስ ተነሣ?» ብሎ ጠየቀን። ተዋናዮቹ ከሌላ ትዕይንት ደርሰው ነበር፤ እሱ ገና እዚያው ኮሪደር ላይ ነበር። የምንመልስለት አጣን።

አንድ ጨዋታ ላይ የሆነው ምንድን ነው?

በ2004 የወጣ አንድ ታዋቂ የቪዲዮ ጨዋታ ነበር፤ «ግራንድ ቴፍት አውቶ፦ ሳን አንድሪያስ» ይባላል። ተጫዋቹ መኪና ይሰርቃል፣ ፖሊስ ይገድላል፣ መንገደኛ ይገጫል። የአሜሪካ የጨዋታ ደረጃ ሰጪ ቦርድ ከ17 ዓመት በላይ ለሆነ ይሁን ብሎ አሳለፈው፤ ጨዋታውም በየመደብሩ ተሸጠ።

በ2005 አንድ ባለሙያ ዲስኩ ውስጥ የተደበቀ ነገር አገኘ። ሠሪዎቹ ጀምረው የተዉት፣ ጨዋታውን በተራ መንገድ ለሚጫወት ሰው የማይታይ የወሲብ ትዕይንት ነበር። ለማየት ልዩ ፕሮግራም መጫን ያስፈልጋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ቦርዱ ደረጃውን ከ18 ዓመት በላይ ለሆነ ብቻ ወደሚለው አዛወረው። በ17 እና በ18 መካከል ያለው አንድ ዓመት ነው፤ በገበያው ላይ ግን ያ አንድ ዓመት ገደል ነበር። ታላላቅ መደብሮች የመጨረሻውን ደረጃ ያገኘ ጨዋታ ስለማይሸጡ ጨዋታውን ከመደርደሪያቸው አወረዱት። ኩባንያው የተደበቀውን ክፍል አውጥቶ እንደ ገና ሲያቀርበው ወደ ቀድሞ ደረጃው ተመለሰ። ግድያው በሁለቱም ዲስክ ላይ ያው ነበር።

ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበር?

አልነበረም። በ1915 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊልም ንግድ እንጂ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት የሚጠብቀው ነገር አይደለም ብሎ ስለነበር የየግዛቱ ሳንሱር በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶለት ነበር። ኩባንያዎቹ ይህን ለመከላከል በ1930 የራሳቸውን ደንብ ጻፉ፤ ከ1934 ጀምሮም በጥብቅ ተፈጻሚ አደረጉት። በዚያ ደንብ የጭካኔ ግድያን በዝርዝር ማሳየት ክልክል ነበር፤ ረጅምና የጋለ መሳሳምም እንደዚሁ። የጥቁርና የነጭ ፍቅር ጭምር ተከልክሎ ነበር፤ ደንቡ «ሥነ ምግባር» የሚለው ነገር ምን ምን እንደ ነበር ከዚህ ማየት ይቻላል።

ፊልም ሠሪዎች መውጫ ቀዳዳ ፈለጉ። አልፍሬድ ሂችኮክ በ1946 ሁለት ተዋናዮቹን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሳሳማቸው፤ ነገር ግን በየጥቂት ሴኮንዱ ከንፈራቸው ይላቀቃል፣ ስለ እራት ይነጋገራሉ፣ ስልክ ይደውላሉ፣ እንደ ገና ይሳሳማሉ። ሳንሱሩ ሊቆጥረው የሚችል ረጅም መሳሳም አላገኘም።

በ1952 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፊልምም የሐሳብ ነፃነት ጥበቃ አለው ሲል አሮጌው ደንብ መላላት ጀመረ፤ በ1968ም በዕድሜ ደረጃ ተተካ። «ፒጂ-13» የተጨመረው በ1984 ነው። ምክንያቱ ብዙዎቻችን ከምንገምተው የተለየ ነበር፤ በዚያ ዓመት የወጡ ሁለት ፊልሞች ለልጆች ተብለው እጅግ አስፈሪ ጥቃት በማሳየታቸው ወላጆች አቤቱታ አሰሙ። ከጥቃት ሊያስጠነቅቅ የቆመው አጥር ከጊዜ በኋላ ለጥቃት ሰፊ በር ሆነ፤ ኩባንያዎቹ ምን ያህል ቢያሳዩ «አር» እንደማይሆንባቸው ተምረዋልና።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሜሪካ ሕግ ከሐሳብ ነፃነት ጥበቃ ውጪ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ጸያፍ ወይም ብልግና ሊባል የሚችል ነገር ነው። በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መለኪያውን ሲያስቀምጥ ጸያፍነትን ከወሲብ ጋር አያይዞ ተረጎመው። ከዚያ በፊት በ1968 አንድ ጽሑፍ ለአዋቂ ባይከለከልም ወሲባዊ ከሆነ ለልጅ እንዳይሸጥ ግዛቶች ሊከለክሉ ይችላሉ ብሎ ነበር። ጥቃት በዚህ ክፍል ውስጥ ቦታ የለውም።

ካሊፎርኒያ ቦታ ልትሰጠው ሞክራ ነበር። በ2005 እጅግ ጨካኝ የሆኑ የቪዲዮ ጨዋታዎችን ለልጅ የሸጠ እስከ 1,000 ዶላር ይቀጣ የሚል ሕግ አወጣች። ሕጉን የፈረመው በጥቃት ፊልሞች ስሙ የገነነው ተዋናይ፣ በወቅቱ አገረ ገዢ የነበረው አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ነው። በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ሕጉን ሻረው። የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ልጆችን ከጥቃት ታሪክ የመከልከል ልማድ በአገራቸው ኖሮ አያውቅም አሉ። ማስረጃቸው ተረት ነበር፦ የሲንደሬላን የእንጀራ እናት ልጆች ዓይን ርግቦች ይጓጉጡታል፤ ሁለቱ ሕፃናት ያገተቻቸውን ሴት ምድጃ ውስጥ ከትተው ያቃጥሏታል።

በሐሳብ ከተለዩት ሁለት ዳኞች አንዱ ስቲቨን ብራየር ነበሩ። ጥያቄያቸው በአጭሩ ይህ ነው፦ ለ13 ዓመት ልጅ የእርቃን ሴት ምስል ያለበትን መጽሔት መሸጥ ተከልክሎ፣ ያው ልጅ ሴትን የሚያስርበት፣ አፏን የሚሸብብበት፣ አሠቃይቶ የሚገድልበት ጨዋታ በሕግ የሚጠበቀው በምን አግባብ ነው? እስከ ዛሬ ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ አላየሁም።

ቴሌቪዥን ላይም እንዲሁ ነው። የፌዴራል ኮሚዩኒኬሽን ኮሚሽን በአየር ሞገድ በሚሠራጭ ፕሮግራም ላይ ወሲባዊ ነውርን ሊቀጣ ይችላል፤ ጥቃትን የሚቀጣበት ሥልጣን ግን የለውም። የካቲት 1 ቀን 2004 በአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜ የዕረፍት ሰዓት ላይ የዘፋኟ የጃኔት ጃክሰን ጡት ከአንድ ሴኮንድ ላነሰ ጊዜ ታየ። ኮሚሽኑ ሲቢኤስ ጣቢያን 550,000 ዶላር ቀጣ። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ውድቅ አደረገው፤ ነገሩ የተዘጋው በ2012 ነው። ጨዋታው ራሱ ጎልማሶች በሙሉ ጉልበታቸው የሚላተሙበት ነው፤ ስለዚያ የተቀጣ የለም።

ለልጅ የሚከፋውስ የቱ ነው?

ጥናቶቹ ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጡም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 ባወጣው መግለጫ ጨካኝ የቪዲዮ ጨዋታዎች እንደ መጮኽና መገፋፋት ካሉ የቁጣ ጠባዮች ጋር መጠነኛ ግንኙነት እንዳላቸው፣ እንደ ግድያ ካለ ወንጀል ጋር ለማያያዝ ግን በቂ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። በወሲብ በኩል በ2004 የወጣ ጥናት ከ12 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 1,792 ልጆችን ተከታትሎ፣ ቴሌቪዥን ላይ ብዙ ወሲባዊ ነገር የሚያዩት በቀጣዩ ዓመት ወሲብ የመጀመር ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አገኘ። ሌሎች ተመራማሪዎች በሌላ ተመሳሳይ ጥናት መረጃ ላይ የልጆቹን አስተዳደግ በሚገባ አስገብተው ስሌቱን ሲደግሙት ግንኙነቱ ጠፋባቸው። ወሲብን በዚህ ያህል አጥብቆ፣ ጥቃትን በዚህ ያህል አላልቶ ለመያዝ የሚያበቃ ሳይንስ በሁለቱም በኩል የለም።

ታዲያ ለምን?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ሃይማኖት ነው። አገሪቱን ከመሠረቷት መካከል ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ፤ በ1930ዎቹም የፊልም ደንቡ በጥብቅ እንዲሠራ የካቶሊክ ምእመናን ንቅናቄ ግፊት አድርጓል። ይህ እውነት ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ከፊልም ሥራ የሚነሣ ሌላ ምክንያት አለ። በፊልም የተገደለ ተዋናይ «ቁረጥ» ሲባል ተነሥቶ ምሳ ይበላል፤ ቁስሉ ቀለም ነው። እርቃኗን የታየች ተዋናይ ግን በእውነትም እርቃኗን ነበረች። ተመልካቹ ይህን ያውቀዋል፤ አንዱን «ጨዋታ ነው» ብሎ ያልፋል፣ ሌላው ግን ጨዋታ አይመስለውም። ወላጅም ልጄ ነገ ወጥቶ ሰው ይገድላል ብሎ አይፈራም፤ ፍቅረኛ ይይዛል ብሎ ግን ይፈራል።

ገንዘብም አለ። ቀልድ ሲተረጎም ይሞታል፤ የፍቅር ንግግርም ግማሹ ይፈስሳል። ቡጢ አስተርጓሚ አያሻውም፤ ቤጂንግም ሌጎስም ያው ነው። ፊልሙን ለዓለም ሁሉ፣ ለልጅም ለአዋቂም ልሽጥ ያለ ኩባንያ ቡጢውን ያበዛል።

ሌላውም ዓለም እንዲህ ነው?

በየአገሩ ሚዛኑ ወደ ሌላ ጎን ያጋድላል። በ1982 ከሌላ ዓለም ስለመጣ ፍጡርና ስለ ልጆች የተሠራ፣ አሜሪካ ውስጥ ሕፃናት በሰልፍ ያዩት ፊልም ስዊድን ውስጥ ከ11 ዓመት በታች ለሆኑ ተከልክሎ ነበር፤ ያስፈራል ተብሎ። በ2013 የካን ፊልም ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት ያገኘ የሁለት ሴቶች የፍቅር ፊልም ፈረንሳይ ውስጥ 12 ዓመት ለሞላው ሲፈቀድ አሜሪካ «ኤንሲ-17» ሰጠችው። ሕንድ ደግሞ ከአሜሪካም አለፈች። የሳንሱር ቦርዷ በ2015 የጄምስ ቦንድን መሳሳም በግማሽ ያሳጠረው መሳሳሙ ከመጠን በላይ ረዘመ ብሎ ነው። የሕንድ ፊልም ስናይ ያደግን ሰዎች ይህ አይገርመንም፤ ሁለቱ ከንፈሮች ሊገናኙ ሲሉ ዝናብ ይመጣል ወይም አበባ ይሸፍናቸዋል።

ወደ እኛ ስመጣ፣ ከአባቴ ሪሞት ጀርባ የአሜሪካው ሕግ አልነበረም። እኛ ዘንድ ጉዳዩ ምስሉ አይደለም፤ አብረውን ያሉት ሰዎች ናቸው። ያው ትዕይንት ብቻችንን ስንሆን ይታያል፤ አባትና ሴት ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ሲሆኑ ግን ነውር ይሆናል። ግድያ እንዲህ ዓይነት ነውር ኖሮት አያውቅም። በሠርግ ቤት ፉከራና ቀረርቶ ሲወርድ «ገዳይ» ተብሎ የሚሞገሰውን ሰው ሕፃን ሽማግሌው በአንድነት ያጨበጭብለታል። ፍቅር ግን ሲዘፈን ሰም ይለብሳል፤ ወርቁን የሚያገኘው ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ነው። ተረቶቻችንም ከዳኛ ስካሊያ ተረቶች አይለዩም፤ አያ ጅቦ አህያዋን ሲዘነጥላት እየሰማን ነው እንቅልፍ የወሰደን።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ምን ይጠቅማል?

አዲስ አበባም ሆነ ሲያትል፣ ልጅ ከፊልም በፊት የሚያያቸው ፊደላት ብዙ ጊዜ የአሜሪካ ወላጆች ሐሳብ ናቸው። የኛ ቤት ከእነሱ ይበልጥ ጥብቅ ወይም ይበልጥ ልል ሊሆን ይችላል፤ ፊደሉ ያንን አያውቅም። ከ1990 ወዲህ ማኅበሩ ከፊደሉ ሥር ምክንያቱን በአጭር መስመር መጻፍ ጀምሯል፤ ብርቱ የጦር ሜዳ ትዕይንት፣ አጭር እርቃን፣ ጸያፍ ንግግር እያለ ይዘረዝራል። ብዙ ተመልካች ይህን መስመር ሳያነብ ያልፈዋል።

እህቴ ግን ልጇ ስለ ወደቀው ጠባቂ ከጠየቀን ቀን ወዲህ ታነብበዋለች። ሁለት ፊልሞች እኩል «ፒጂ-13» ተብለው አንዱ የተሰጠው በአንድ ስድብ፣ ሌላው ደግሞ በሁለት ሰዓት ተኩስ ሊሆን እንደሚችል የምታውቀው ከዚያች መስመር ነው።